የድርቆሽ ጥያቄ

ድርቆሽ የሚበላሸው በሁለት ቦታ ነው። መጀመሪያ ሲደርቅ፤ የእንጀራው መሃል እርጥበቱን ሳይጨርስ ተሰባብሮ ከረጢት ከገባ በሳምንቱ ይሻግታል። ኋላ ደግሞ ሲርስ፤ ወጡ ከበዛበት ወይም ርሶ ከቆየ ገንፎ ይሆናል፣ ካነሰው ጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል። በሁለቱ መሃል ያለው ጊዜ አያሳስብም። በወጉ የደረቀ ድርቆሽ በሻንጣ ባሕር ተሻግሮ፣ ወራት ቁም ሳጥን ውስጥ ከርሞ፣ እንደ ደረቀበት ቀን ሆኖ ይገኛል።

ከሕክምና፣ ከቁስ ሳይንስ፣ ከዕፅዋት ጥናትና ከምህንድስና የሚወጡትን የምርምር ዜናዎች ጎን ለጎን ላስቀመጣቸው ሰው ርዕሳቸው አይገናኝም። አንዱ ስለ ክትባት ነው፣ አንዱ ከበረሃ አየር ስለሚቀዳ ውሃ፣ አንዱ ሞቶ ስለሚነሣ ሣር፣ አንዱ ስለ ጥንታዊ የሮም ግድግዳ። ከሥር ሲታዩ ግን ሁሉም የድርቆሽን ጥያቄ ነው የሚጠይቁት፦ ውሃው እንዴት ይውጣ፣ ከዚያስ እንዴት ይመለስ? ዜናው አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያው ግማሽ አጨብጭቦ ይሄዳል። እኔ እንደማየው ሥራው የሚወድቀውም የሚቆመውም በሁለተኛው ነው።

ከክትባት ልጀምር፣ የቆየ ታሪክ አለውና። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ፈሳሹ የፈንጣጣ ክትባት ሙቀት አይችልም ነበር። በ1950ዎቹ እንግሊዝ በነበረው ሊስተር ኢንስቲትዩት ሌስሊ ኮሊየር ቫይረሱን ከ5 በመቶ ፔፕቶን (ከተሰባበረ ፕሮቲን የሚሠራ ዱቄት) ጋር ቀላቅሎ አቀዘቀዘውና ባዶ ግፊት ውስጥ አደረቀው። በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ክትባቱ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ለ4 ሳምንት ቆይቶ ኃይሉን እንዲጠብቅ በመስፈርት ደነገገ። በኢትዮጵያ በ1971 የተጀመረው ዘመቻ መንገድም መብራትም በማያውቁ ቀበሌዎች በእግርና በበቅሎ ሊዘልቅ የቻለው ደረቁን ብልቃጥ በኪስ ይዞ መሄድ ስለተቻለ ነው። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ በ1976 ተገኘ፤ በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘው የዓለም የመጨረሻው ሰው ደግሞ በ1977 ሶማሊያ፣ መርካ።

ማድረቁ ራሱ እንዲህ ይሠራል። ብልቃጦቹ ከዜሮ በታች ወደ 40 ወይም 50 ዲግሪ ይወርዳሉ። ከዚያ አየሩ በፓምፕ ይመጠጣል። የውሃ ተን ግፊት ከ6 ሚሊባር በታች ሲሆን በረዶ መቅለጡን ይተውና በቀጥታ ይተናል፤ ማድረቂያዎቹ ደግሞ ከአንድ ሚሊባርም በጣም በታች ነው የሚሠሩት። በረዶ እንዲተን ሙቀት ይፈልጋል፣ ስለዚህ መደርደሪያው በጥቂቱ ይሞቃል። ጥፋት የሚገባው እዚህ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ንጹሕ በረዶ ለብቻው ይለያል፤ የቀረው ስኳርና ክትባት እየወፈረ ሄዶ እንደ መስታወት ይጠጥራል። ስኳሩ ሱክሮስ ከሆነ ያ መስታወት ከዜሮ በታች በ32 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ሰዓት ለመቆጠብ ብሎ ሙቀቱን ከዚያ ያሳለፈ ሰው እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ መቆም የነበረበት ነጭ ቂጣ ታች ተሰብስቦ ያገኘዋል። ቀዳዳው ከተዘጋ ውስጡ የቀረው ውሃ መውጫ የለውም፤ በኋላ ደግሞ ውሃ ሲጨመርበት መግቢያ የለውም። እንጀራ ዓይኑ ከጠፋ ድርቆሹ ወጥ እንደማይጠጣው ማለት ነው። በረዶው ካለቀ በኋላ ከስኳሩ ጋር ተጣብቆ የቀረውን ውሃ ለማስለቀቅ ሙቀቱ ወደ 20 ወይም 30 ዲግሪ ከፍ ይላል፣ የቀረው እርጥበትም ብዙ ጊዜ ከ3 በመቶ በታች ይደርሳል። ይህ ሁሉ ቀናት ይወስዳል፤ ወጪውም የሚከብደው ለዚህ ነው።

አሁን የመመለሱ ተራ። የኩፍኝ ክትባት ዛሬም ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ደረቅ ሆኖ ነው። ለ10 ልጆች የሚሆነው ብልቃጥ በ5 ሚሊ ሊትር ማሟሟያ ይሟሟል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ሚሊ ሊትር። ማሟሟያው ያው አምራች ለዚያው ክትባት ያዘጋጀው ብቻ ነው፤ «ውሃ ውሃ ነው» ተብሎ ከሌላ ሳጥን አይወሰድም። አስቀድሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ ምክንያቱም ሞቃት ፈሳሽ የደረቀውን ቫይረስ በአንድ ጊዜ ይጎዳዋል። በረዶ ግን እንዲሆን አይደረግም፤ ብልቃጡ ይሰነጠቃል። ከተሟሟ በኋላ 6 ሰዓት ሲሞላ፣ ወይም የክትባቱ ፕሮግራም ከዚያ ቀድሞ ካለቀ በዚያው፣ የተረፈው ይጣላል። ይህ ክትባት ተህዋስያንን የሚገታ ማቆያ የለውም፤ በተደጋጋሚ መርፌ የገባበት ብልቃጥ ውስጥ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ከተራባ መርዙ ልጅ ይገድላል። በ2014 ሶሪያ ኢድሊብ አካባቢ ከማሟሟያው ይልቅ ጡንቻ የሚያላላ የማደንዘዣ ክፍል መድኃኒት ተቀላቅሎ በጥቂቱ 15 ሕፃናት ሞቱ። ዱቄቱ እንከን አልነበረበትም። ስህተቱ የገባው ሲርስ ነው።

ከዚህ በኋላ ኤምአርኤንኤ ክትባቶችን፣ ማለትም ለሴል የፕሮቲን መሥሪያ መልእክት የሚያደርሱትን፣ ማየት ይቀላል። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን የ2023ን የሕክምና ኖቤል የወሰዱበት ግኝት፣ ከኤምአርኤንኤ ፊደላት አንዱን በጥቂቱ በተለወጠ ዓይነት መተካት ሰውነት በመልእክቱ ላይ እንዳይቆጣ ያደርጋል የሚል ነው። ዋናው ጽሑፋቸው በ2005 ወጣ። ግን መልእክቱ አንድ የተፈጥሮ ድክመት አለበት፦ የሰንሰለቱ አካል በሆነው ስኳር ላይ፣ በዲኤንኤ ላይ የማይገኝ አንድ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ አለ፣ ውሃ ባለበት ያ ጥንድ ጎረቤቱን መጋጠሚያ ያጠቃል። በሺዎች የሚቆጠሩ ፊደላት ያሉት ሰንሰለት አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ ከዚያ ወዲያ ያለው አይነበብም። የመጀመሪያው የፋይዘርና የባዮንቴክ ክትባት ከዜሮ በታች ከ60 እስከ 80 ዲግሪ እንዲቀመጥ ያስገደደው ውሃ ነው። አቀዘቀዙት ማለት ውሃውን አሰሩት ማለት ነው።

ታዲያ ለምን እንደ ፈንጣጣው አላደረቁትም? መልእክቱ ብቻውን አይደለማ፤ አራት ዓይነት ቅባቶች በተሠሩበት እጅግ ትንሽ እንክብል ውስጥ ነው ያለው። በረዶ ሲሠራ እንክብሎቹን ጥግ ይገፋቸዋል፣ ይላተማሉ፣ ይዋሃዳሉ። ሱክሮስ በመካከላቸው ገብቶ ያራርቃቸዋል፤ ለዚህም ነው ክትባቱ ውስጥ ስኳር ያለው። ደርቀው እንደገና ሲርሱ ግን እንክብሎቹ እንዳያብጡና መልእክቱን እንዳያፈሱ ማድረግ ማድረቁን ከማሳካት የበለጠ አስቸጋሪ ነው። በመጀመሪያው ክትባት አሠራር ላይ ይህ ስስነት በግልጽ ይታይ ነበር። የቀለጠው ብልቃጥ በዝግታ 10 ጊዜ ይገለበጣል እንጂ አይናጥም፤ 1.8 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ ይጨመርበታል፤ እንደገና 10 ጊዜ ይገለበጣል፤ 0.3 ሚሊ ሊትር ይቀዳል፤ ተመልሶ ወደ በረዶ አይገባም፤ 6 ሰዓት ሲሞላ ይጣላል። መናጥ የተከለከለው እንክብሉ ስለሚሰበር ነው። በኋላ የመጣው ባለ ግራጫ ክዳን ብልቃጥ ማሟሟያ አላስፈለገውም፣ ተራ ማቀዝቀዣ ውስጥም 10 ሳምንት ቆየ። ጋዜጣ ላይ ብዙም አልተወራለትም፤ ለክትባት ባለሙያ ግን ከብዙ ዜና ይበልጥ ነበር።

ተፈጥሮ ይህን ሁሉ ቀድማ ፈትታዋለች። ማስረጃው ጎታ ውስጥ ነው።

አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም። በዚያች ቅንጣት ውስጥ ያለው ፅንስ ፍሬው ሲበስል ውሃውን ይለቃል፣ ቦታውን በስኳርና ለድርቀት በተዘጋጁ ልዩ ፕሮቲኖች ይሞላል፣ የሴሉም ይዘት መስታወት ይሆናል። ክትባት አምራቹ የሚጨምረው ሱክሮስና ዘር ራሱ የሚያከማቸው ሱክሮስ አንድ ዓይነት ናቸው። እንዲህ ላለው ዘር አንድ የቆየ መመሪያ አለ፦ ከ14 እስከ 5 በመቶ ባለው ክልል እርጥበቱ በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል። ሙቀቱም በ5 ዲግሪ ያህል ሲቀንስ እንዲሁ። ጂን ባንኮች ይህን ነው የሚሠሩበት። ዘሩን ከ5 እስከ 20 ዲግሪ ሙቀትና ከ10 እስከ 25 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ባለበት ክፍል ያደርቁታል፣ በአሉሚኒየም ከረጢት ያሽጉታል፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ያስቀምጡታል። በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ጂን ባንክ በዚህ መንገድ ነው የገብሱን፣ የስንዴውንና የጤፉን ዘር የሚጠብቀው።

ቡና ግን እምቢ ይላል። የዓረቢካ ቡና ዘር ወደ 10 በመቶ እርጥበት ድረስ ይታገሳል፤ ከዚያ በታች ሲደርቅ መብቀሉን ያጣል፣ ቅዝቃዜም ያፋጥንበታል። ሊቃውንት ይህን በ1990 ሲያስረዱ «መካከለኛ» ብለው ሰየሙት፣ ደረቅ ከሚወደውም ድርቀት ከሚገድለውም ያልሆነ። ስለዚህ የኢትዮጵያ ቡና ዝርያዎች በከረጢት ሳይሆን በሕይወት ነው የሚጠበቁት፤ ጅማ ዞን ጮጬ በሚገኘው የመስክ ጂን ባንክ ዛፍ ሆነው ቆመዋል። ዛፍ ደግሞ በሽታ ይይዘዋል፣ ድርቅ ያገኘዋል፣ አራሚና ጠባቂ ይፈልጋል። አንድ ዘር ውሃውን መልቀቅ አለመቻሉ ስንት ሄክታር መሬትና ስንት ሰው እንደሚጠይቅ ያየ ሰው ድርቀት መታገስን እንደ ቀላል ነገር አያየውም።

ለገበሬና ለዘር ብዜት ማኅበር የሚሆነው ከዚህ ምርምር የወጣው ነገር የማቀዝቀዣ ክፍል አይደለም። ጥቃቅን የዚዮላይት ጠጠሮች ናቸው፣ በአሉሚኒየምና በሲሊኮን ማዕድን የተሠሩ፣ ቀዳዳቸው የውሃ ሞለኪውል ብቻ የሚያስገባ። አብረው የሚመጡት ሐሳብ «ደረቅ ሰንሰለት» ይባላል፤ ዘሩን አንዴ አድርቆ አየር በማያስገባ ዕቃ እስከ መዝሪያው መጠበቅ። ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ያለ ዘር ከአየሩ ጋር ይተካከላል፤ የክረምቱ አየር 70 በመቶ እርጥበት ሲኖረው እህሉ ወደ 13 እና 14 በመቶ ይመለሳል፣ ነቀዙም ይመቸዋል። በበጋ ያደረቁት በክረምት ረጠበ ማለት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ኪሎ ዘር 12 በመቶ እርጥበት ካለው ደረቅ አካሉ 880 ግራም ነው። ወደ 6 በመቶ ለማውረድ ጠቅላላ ክብደቱ ወደ 936 ግራም መድረስ አለበት፤ የሚወጣው ውሃ 64 ግራም ነው። ጠጠሩ ከክብደቱ 20 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል ብንል 320 ግራም ያስፈልጋል፣ ለመተማመኛ 400 ቢሆን አይከፋም። ዘሩ በስስ ጨርቅ ይቋጠራል፣ ጠጠሩ ለብቻው፣ ሁለቱም ጎማ ባለው ክዳን በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ። ከወንፊት የወጣ እርጥብ የቲማቲም ዘር በቀጥታ አይገባም፣ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ይጠነፍፋል፤ አለዚያ ጠጠሩ ለቀላሉ ውሃ ያልቃል። ሌላው ማድረቂያ፣ ሲሊካ ጄል፣ ጠቋሚ ቀለም ከተጨመረበት ቀለሙ ስለሚቀየር መሙላቱ ይታወቃል፤ ዚዮላይት ግን ሞላም ባዶም ሆነ መልኩ አንድ ነው፣ ስለዚህ በሚዛን ነው የሚታወቀው። ክዳኑ የሚያስተነፍስ ከሆነ ጠጠሩ የዘሩን ትቶ የሰፈሩን አየር ሲያደርቅ ይውላል።

ጠጠሩን ለማደስ ከ200 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ ሁለት ሦስት ሰዓት መጋገር ያስፈልጋል። ከዚያም ታሽጎ መቀዝቀዝ አለበት፤ ትኩሱን ዘር ላይ ያደረገ ዘሩን ይቆላዋል፣ ክፍቱን ያቀዘቀዘው ደግሞ ከአየሩ መልሶ ይሞላበታል። እንዲህ ያለ ምድጃ በሌለበት ይህ ጠጠር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ዕቃ ነው። ውሃን አጥብቆ መያዙ ጥንካሬውም ድክመቱም እንደሆነ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የደረቀው ዘር ሲመለስስ? ባቄላ፣ አተር፣ አኩሪ አተር ከመጠን በላይ ደርቀው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወይም ቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ሲገቡ ውሃው ይጣደፋል። የሴሉ ሽፋን ሳይለሰልስ ውሃ ሲያጥለቀልቀው ይቀደዳል፣ ውስጡ ያለው ስኳር ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ሻጋታም ይጠራል። ገበሬው «ዘሩ ሞቷል» ይላል፣ ዘሩን የገደለው ግን አመላለሱ ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ዘሩን ውሃ ሳይነካው፣ ታች ውሃ ባለበት ክዳን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በወንፊት ላይ አሳድሮ እርጥበቱን ከአየሩ ቀስ ብሎ እንዲወስድ ማድረግ። ጂን ባንኮች የመብቀል ፈተና ከመሥራታቸው በፊት ይህን ያደርጋሉ።

ዘር የሚያደርገውን ሙሉ ተክል ቢያደርገው? የሚያደርጉ አሉ። በደቡባዊ አፍሪካ የሚበቅል ኤራግሮስቲስ ኒንደንሲስ የተባለ ሣር አለ፤ የጤፍ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ጤፍም በሳይንሳዊ ስሙ ኤራግሮስቲስ ጤፍ ነውና። ይህ ሣር ቅጠሉ እስኪፈረካከስ ደርቆ ዝናብ ሲያገኝ በጥቂት ቀን ይለመልማል። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲዋ ጂል ፋራንት ዕድሜዋን በእንዲህ ያሉ ተክሎች ላይ አሳልፋለች። በ2020 እርሷ ያለችበት ቡድን ኒንደንሲስንና ጤፍን ጎን ለጎን አድርቆ የጂኖቻቸውን ሥራ አነጻጸረ። የሚጠበቀው፣ የዘር የድርቀት ጂኖች በኒንደንሲስ ቅጠል ውስጥ ተከፍተው በጤፍ ቅጠል ውስጥ ተዘግተው መገኘት ነበር። የተገኘው ግን አብዛኞቹ በሁለቱም ቅጠል መከፈታቸው ነው። ልዩነቱ ጥቂት ጂኖች ላይ ነው። ጤፍ አብዛኛው መሣሪያ አላት፤ አሰላለፉ ነው የጎደላት።

ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው የማይሞት ጤፍ ቀረበ» የሚሉ ይኖራሉ። አይቸኩሉ። ቅጠል ሲደርቅ አረንጓዴው ቀለም ብርሃን መቀበሉን አያቆምም፤ ብርሃኑን የሚያውልበት ውሃ ሲያጣ ጎጂ ኦክስጅን ያመነጫል። ኒንደንሲስ ይህን አውቆ ክሎሮፊሉን ራሱ ያፈርሳል፣ ቅጠሉን ይጠቀልላል፣ በሴሉ ውስጥ ያለውን የውሃ ከረጢት በሌላ ነገር ይሞላል። ውሃ ሲመለስ ሁሉንም ከእንደገና ይገነባል። ያረጁት የውጭ ቅጠሎች አይመለሱም። ይህ ሁሉ ጉልበት ይበላል፣ ስለዚህ እነዚህ ተክሎች በዝግታ የሚያድጉ፣ ፍሬያቸው የቀለለ ናቸው። ገበሬ ደግሞ ከድርቁ የተረፈ ሣር አይደለም የሚፈልገው፣ ኩንታል ነው። ከዚህ ምርምር ቶሎ ይገኛል ብዬ የማስበው፣ ዝናብ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቀር ቅጠሉን ሳይጥል ጠብቆ፣ ሲዘንብ በፍጥነት የሚቀጥል ጤፍ ነው። ያውም ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ ያዝኩት ቀጠሮ ልመለስ፣ ውሃን አጥብቆ ስለ መያዝ።

የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ለሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ለሪቻርድ ሮብሰንና ለኦማር ያጊ ተሰጠ። የሠሩት የብረት አተሞችን በካርቦን ዘንጎች አገናኝቶ የሚቆም፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ሞፍ» የሚባል ፍርግርግ ነው፤ መስቀለኛው ብረት፣ ወራጁ ካርቦን፣ መሃሉ ባዶ ክፍል። ሮብሰን ሐሳቡ የመጣለት በ1974 ለተማሪዎቹ የሞለኪውል ሞዴል የሚሆኑ የእንጨት ኳሶችን ሲያስበሳ ነው፤ ቀዳዳው የት እንደሚሆን ከተወሰነ ቅርጹ በራሱ እንደሚመጣ አስተዋለ። ያጊ አማን፣ ዮርዳኖስ ውስጥ ውሃ በየጊዜው ለጥቂት ሰዓት ብቻ በሚለቀቅበት ቤት ያደገ ሰው ነው። በ1999 ያወጣው ሞፍ-5 የተባለ ቁስ ጥቂት ግራሙ የኳስ ሜዳ የሚያህል የውስጥ ገጽ አለው። ግን ሞፍ-5 እርጥብ አየር ሲነካው ይፈርሳል፤ ዚንኩ ከዘንጉ ይልቅ ውሃውን ይመርጣል። ለውሃ ሥራ ሌላ መፈለግ ነበረበት፣ ዚርኮኒየም ያለበት ሞፍ-801፣ ከዚያ አሉሚኒየም ያለበት ሞፍ-303።

ደረቅ አየር ውስጥ ውሃ አለ? አለ። በ25 ዲግሪ ሙቀት የጠገበ አየር በሜትር ኩብ 23 ግራም ያህል ይይዛል፤ 20 በመቶ እርጥበት ላይ 4.6 ግራም ይቀራል። አንድ ሊትር ለማግኘት፣ አንዲት ጠብታ ሳትቀር ተጨምቆ እንኳ፣ ከ217 ሜትር ኩብ በላይ አየር ማለፍ አለበት። አራት በአራት ሆኖ ቁመቱ ሦስት ሜትር የሆነ ክፍል 48 ሜትር ኩብ ነው፤ አራት ተኩል ክፍል አየር ለአንድ ሊትር። ጭጋግና ጤዛ የሚሰበስቡ መረቦች እዚህ አይሠሩም፣ አየሩ ሊጠግብ ሲቃረብ ብቻ ነው የሚሆንላቸው። በ2015 ዶርዜ ላይ በቀርከሃ የቆመው የዋርካ ግንብ ደጋው ላይ የተሠራው በምክንያት ነው።

በደረቅ አየር የሚይዝ ቁስ ድሮም ነበር፤ ያ የዘር ማድረቂያ ዚዮላይት። ማስለቀቁ ነው ያልተቻለው፣ ከ200 ዲግሪ በላይ ይጠይቃል። የጫማ ሳጥን ውስጥ የምናገኘው ሲሊካ ጄል ደግሞ በቀላሉ ይለቃል፣ ደረቅ አየር ላይ ግን እጁ ባዶ ነው። የሞፍ ጥበብ መሃል ላይ መቆሙ ነው። እርጥበቱ ከ10 በመቶ ጥቂት ከፍ ሲል በአንድ ጊዜ ይሞላል፣ ከ100 ዲግሪ በታች በሆነ የፀሐይ ሙቀት በአንድ ጊዜ ያራግፋል። ዚዮላይት ንፉግ፣ ሲሊካ ጄል ድሃ ነበሩ፤ ሞፍ ያገኘውን የሚሰጥ ሆነ።

እንዲህም ሆኖ ቁጥሩን ተከተሉ። በ2017 የወጣው ጽሑፍ አንድ ኪሎ ሞፍ-801 በ20 በመቶ እርጥበት በቀን 2.8 ሊትር እንደሚያስገኝ ገመተ። ጋዜጣው ይህን ይዞ ሮጠ። በ2018 አሪዞና በረሃ ላይ ሳጥን ውስጥ ሳጥን ተሠርቶ፣ ቁሱ ፀሐይ እንዲስብ ከግራፋይት ጋር ተቀላቅሎ፣ ማታ ክዳኑ ተከፍቶ ጠዋት ተዘግቶ ሲሞከር፣ በአንድ ሌሊትና ቀን ከኪሎ 100 ግራም ያህል ተገኘ። የግምቱን ሃያኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ማጭበርበር አልነበረም። ግምቱ ቁሱ በቀን ብዙ ጊዜ ሞልቶ እንዲያራግፍ ያሰበ ነው፤ ክዳን የሚከፈተው ሳጥን ግን በቀን አንድ ዙር ብቻ አለው። ዱቄቱ ወፍሮ ሲነጠፍ የታችኛው አየር አይደርሰውም፤ ሲሳሳ ደግሞ ሳጥኑን ለማሞቅ የሚጠፋው ፀሐይ ይበዛል።

ትልቁ ችግር ግን ሙቀት ነው። አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል፣ ከቁስ ለማስለቀቅ ከዚያ ጥቂት ይበልጣል። አንድ ሜትር ካሬ ላይ በቀን 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ፀሐይ ቢወርድና ግማሹ ቢጠቅም ከፍተኛው መጠን 4 ሊትር ያህል ነው፣ ቁሱ የፈለገውን ያህል ቢረቅ። ሁለተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ ተኑ ተመልሶ ጠብታ ሲሆን ያንኑ ሙቀት ይጥላል። በረሃ ላይ ቀትር ላይ የት ይጣላል? በአሪዞናው ሙከራ ሳጥኑን አፈር ያለበሱት ለዚህ ነበር። በ2019 ሞፍ-303ን በማራገቢያና በማሞቂያ በቀን ብዙ ዙር የሚያስኬድ መሣሪያ ተሠርቶ፣ ሞሃቪ በረሃ ላይ ከኪሎ 0.7 ሊትር፣ ቤት ውስጥ 1.3 ሊትር በቀን አስገኘ። ዙር ማብዛት እንጂ ብዙ መያዝ አልነበረም መፍትሔው። አሉሚኒየሙም ከዚርኮኒየም ይረክሳል፣ ቁሱም ያለ መርዛማ ማሟሟያ በውሃ ውስጥ ይሠራል።

በነገራችን ላይ የጉድጓድ የእጅ ፓምፕ በደቂቃ ከ10 ሊትር በላይ ይቀዳል። ከርሰ ምድር ውሃ ባለበት ስለ ሞፍ ማውራት ቅንጦት ነው። ጨዋማ ጉድጓድ ባለበት፣ ቦቴ በማይደርስበት ወይም ለጥቂት ሰው መጠጥ ብቻ በሚፈለግበት ቦታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያም አቧራ ማጣሪያው በየጊዜው መራገፍ፣ ውሃው ከቁሱ ብረት አለመሟሟቱ መመርመር፣ ማዕድን የሌለው ውሃ ስለሆነ ማዕድን መጨመር አለበት።

ኖራ ላይ ልጨርስ። የጎንደር አብያተ መንግሥት በድንጋይና በኖራ ነው የቆሙት። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተጠገኑት ቦታዎች ኋላ ላይ ተፍቀው በኖራ ተተክተዋል። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፣ ግን አያስተነፍስም፤ ድንጋዩ የጠጣው የክረምት ውሃ መውጫ አጥቶ ከልስኑ ጀርባ ይቀመጥና ድንጋዩን ያፈራርሰዋል። ኖራ የገባውን ያስወጣል።

ሮማውያን ከዚህ አንድ እርምጃ አልፈዋል። በኮንክሪታቸው ውስጥ ነጫጭ የኖራ ጓሎች አሉ፣ ለረጅም ጊዜም የሠራተኛ ግድየለሽነት ተደርገው ታይተዋል። በ2023 ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አድሚር ማሲችና ባልደረቦቹ ከሮም ብዙ ከማይርቀው ከፕሪቨርኖ ግድግዳ የወሰዱትን ናሙና መርምረው ጓሎቹ ሆነ ተብሎ የመጡ ናቸው አሉ፦ ውሃ ያልነካው የተቃጠለ ኖራ በደረቁ ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ይቀላቀላል፣ ውሃ የሚገባው በኋላ ነው፣ ድብልቁም በራሱ ይፈላል። ኖራው በሙሉ ሳይሟሟ ተሰባሪ ጓል ሆኖ ይቀራል። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ስንጥቁ በጓሉ በኩል ያልፋል፤ ዝናብ ሲገባ ካልሲየሙን አሟሙቶ ይወስድና ስንጥቁ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይዘጋዋል። በሙከራቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር ስንጥቅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሃ ማሳለፉን አቆመ፣ ያለ ኖራ የተሠራው ግን አልዘጋም። መሞከር የሚፈልግ ግንበኛ መነጽርና ጓንት አይርሳ፤ ያ ኖራ ውሃ ሲነካው ይንተከተካል፣ ዓይን ከገባ ያሳውራል።

ሁለት ነገር ግን ከዜናው ጋር አብሮ አልመጣም። ጓሉ ካልሲየሙን አንዴ ከሰጠ እዚያው ቦታ ላይ ዳግም ለሚከፈት ስንጥቅ የቀረው ጥቂት ነው። ሌላው ፌሮ ብረት ነው። ስንጥቁን የሚዘጋው ዝናብ ሁለት ሳምንት ሙሉ እየገባ ነው የሚዘጋው፣ በዛሬው ሕንጻ ደግሞ ያ ውሃ በመንገዱ ላይ ብረት ያገኛል፤ ብረቱ ሲዝግ ያብጥና ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። የሮም ግድግዳ ብረት አልነበረበትም።